ፎቅ ላይ የበቀለው ስንዴ

እህቴ ለዓይኗ ቀጠሮ ወደ ከተማ ስትወርድ እኛ ቤት ነው የምታርፈው። እኛ ጉለሌ ዳገቱ ላይ ነን፤ እሷ ከእንጦጦ ማዶ፣ ደጋው ላይ ታርሳለች። በመኪና ሩቅ አይደለም። እሷ ግን ሌላ አገር የደረሰች ያህል ነው የሚሰማት። ያመጣችውን ዘንቢል ጥግ አስይዛ ከደረሰችበት ሰዓት ጀምሮ "ነገ እሄዳለሁ" ትላለች።

ባለፈው ሰኔ ከቀጠሮዋ ሌላ ጉዳይ ነበራት። በመጣች ማግስት ልጇ ተከትሏት መጣ። ሸጎሌ በግ ሸጦ፣ ጫማው በጭቃ እንደተለወሰ በር ላይ ቆመና "እማዬ፣ ጋሼ ባሉበት እንጨርሰው" አለ።

እናቱ ቀና ብላም አላየችው። "መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ" አለችው።

እኔ በዚያ ሳምንት ደክሞኝ ነበር። የተለየ ነገር ስለገጠመኝ አይደለም። ዕድሜውን በዜና ሥራ ያሳለፈ ሰው አንድ ቀን ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር የሚሰማው ድካም አለ፤ ቢተኙበትም አይለቅም። ክረምቱ ገብቷል፣ መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ከቤተሰብ ጭቅጭቅ ይልቅ ዝም ብሎ የጣሪያውን ዝናብ መስማት ነበር የፈለግኩት። ግን እህቴ ናት፤ ታላቄ ናት። ወንበር ሳብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ብጥስጣሽ መሬቶች አሏት፤ ቤቱን የሚቀልበው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ ከቤቷ ጀርባ ያለው ሰፊው ማሳ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ጋር ታርሰዋለች፤ የሚዘራበትም ሁልጊዜ ገብስ ነው። ልጇ አሁን ማሳውን በሙሉ ስንዴ ልዝራበት ይላል። ስንዴውም እንዲያው ስንዴ አይደለም፣ ስልኩ ላይ ያገኘው አዲስ ዝርያ ነው። በአካባቢያቸው ያለው የዘር አባዢ ማኅበር እስከ ቅዳሜ ሊያቆይለት ተስማምቷል። ቅዳሜ ካልወሰደ ዘሩ ለጎረቤታቸው ይሰጣል፤ ጎረቤትየው ጆንያውን አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው።

ማሳው ካልሰጠ የዓመት ቀለብ የለም። እህቴ ይህን በቁጣ አልተናገረችውም። "ዘንድሮ ከከሰርን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ እናንተ ጋ እወርዳለሁ" አለች፤ ከገበያ ጨው ልግዛ እንደሚል ሰው ድምፅ። ቤታችን ውስጥ የምትተኛበት ክፍል አይጠፋም። ግን ሦስት ቀን ሲሞላት በር በሩን የምታይ ሰው ናት፤ ጉለሌ ቁጭ ብላ የሰው ቤት ቆርቆሮ እያየች እንደማታረጅ ሁላችንም እናውቃለን።

"ስንዴ ብርድ አይወድም" አለች።

"ይኼኛው ይችላል፣ እማዬ። ተጽፏል።"

"ማን ጻፈው?"

"ተመራማሪዎች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼም ጽፈውታል።"

እውነት ነው፣ ጽፌዋለሁ። የዝርያ ሙከራ ውጤቶች የሚሰበሰቡበት የኦንላይን መረጃ ቋት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲመረቅ እኔ ነበርኩ የተላክሁት። ተመራማሪዎች የተለያዩ ዝርያዎችን በትንንሽ መደብ ጎን ለጎን ይዘራሉ፤ የቱ ስንት እንደሰጠ፣ መቼ እንደደረሰ፣ በሽታ እንደያዘው እንዳልያዘው ይመዘግባሉ። ይህ ውጤት ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን ስልክ ያለው ሁሉ ያየዋል ተባለ፤ እኔም ተባለ ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ከተናገረ በኋላ ዜናዬን ፈልጌ መልሼ አነበብኩት። ስህተት አልነበረውም። ውጤቱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል ይላል፤ ክፍት ሆኗል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይልም።

"እስቲ አሳየኝ" አልኩት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካርታ ነው፤ ሙከራ የተካሄደበት ቦታ ሁሉ ነጥብ አለው። ያለህበትን ስትነካ በአቅራቢያህ ያለውን ሙከራ ያወጣልሃል፤ እዚያ የበለጠውን ዝርያ ከላይ ያደርግልሃል። የልጁ ስንዴ ከሁሉም በላይ ነበር፤ የምርቱን መጠን የሚያሳየው አሞሌ ሌሎቹን ጥሎ ሄዷል። ልጁ ሞኝ አይደለም። ያነበበውን በትክክል ነው ያነበበው። የበሽታውን ዓምድ አይቷል፣ የምርቱን አይቷል፣ ከሰው ጋር ቴሌግራም ላይ ተከራክሯል።

"ሙከራው የተካሄደው የት ነው?" አልኩት።

"ለእኛ ቅርብ ነው። ይኸው፣ ነጥቡ።"

ነጥቡን በሁለት ጣቴ ከፍቼ አሰፋሁት። መጀመሪያ የእንጦጦ ዛፍ መጣ፤ ከዚያ ነጥቡ ከዛፉ ወደዚህ፣ ወደ ከተማው ወረደ። አሁንም አሰፋሁት። ጣሪያዎች መጡ፣ አስፋልት መጣ፣ የማውቀው መታጠፊያ መጣ። ነጥቡ ያረፈው ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሥሩ ሴራሚክ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ታክሲ የምጠብቀው ከፊቱ ቆሜ ነው።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩና እንደገና አየሁ። ከዚያ ለሁለቱም አሳየኋቸው።

እህቴ ስልኩን ከዓይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው። "እዚህ ነው ስንዴው የበቀለው?"

"ካርታው እንደሚለው።"

"ውርጭ ያልነካው ለዚህ ነዋ" አለች። "ጣሪያ አለው።"

ልጁ አልሳቀም። "ስልኩ ትንሽ ይስታል፣ እማዬ። ፈቀቅ ያደርጋል።"

"ከእርሻ እስከ ሴራሚክ ቤት ነው ትንሽ?"

እኔ ነጥቡን መነካካቴን ቀጠልኩ። እዚያው ላይ ሌሎችም ተደራርበዋል። ባቄላ አለ፣ ጤፍ አለ፣ ማሽላም አለ። ማሽላ በጉለሌ። ለልጁ ይህን ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። ማሽላ የቆላ እህል መሆኑን ለእሱ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ወረድኩ። ሴራሚክ ቤቱ አጠገብ ባለው በር ዘበኛው ፈትሾ አስገባኝ፤ ሊፍቱ ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱም አርጅቷል። በደረጃ ወጣሁ። ላይ ከአንድ የሒሳብ ቢሮ ጎን የመረጃ ቋቱ ፕሮጀክት ቢሮ አለ። ነጥቡ ለምን እዚህ እንዳረፈ የገባኝ የበሩን ታፔላ ሳነብ ነው።

መረጃ የምታስገባው አንዲት ሴት ናት። ሹራብ ላይ ሌላ ሹራብ ደርባለች፤ አጠገቧ የሻይ ፔርሙስ አለ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ዜና ልሠራ ሳይሆን ለእህቴ ማሳ እንደመጣሁም ነገርኳት። ስለ ነጥቡ ስጠይቃት አልደነገጠችም። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

"ጋሼ፣ እርስዎ የመጀመሪያው ሰው ነዎት" አለች። "ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"ቦታው የሚሞላበት ሳጥን አለ። ባዶ ከሆነ አልቀበልም ይላል፤ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የድሮ ሙከራዎች ደግሞ ውጤታቸው ሲላክልኝ አብዛኛው ቦታው በትክክል የለውም። 'የገበሬ ማሳ' ይላል፣ በቃ። የማን ገበሬ? የትኛው አገር?"

"ታዲያስ?"

"ታዲያ ኃላፊዎቼን ጠየቅኩ። ለጊዜው የቢሮውን አስገቢ አሉኝ።"

"እስከ መቼ?"

"እ… ለጊዜው።"

እኔ በሥራዬ ይህችን ቃል ብዙ ቦታ አግኝቻታለሁ። ለጊዜው የተሠራ ድልድይ አይቻለሁ፣ ለጊዜው የተሾመ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዜናውን ሠርቻለሁ።

"ግን ዝም ብዬ አላስገባሁም" አለች። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። በረጅሙ ሰንጠረዥ መጨረሻ፣ ብዙ ወደ ቀኝ ከተሄደ በኋላ፣ የማስታወሻ ዓምድ አለ። በያንዳንዱ መስመር "ቦታው ጊዜያዊ ነው፣ ይጣራ" ብላ ጽፋለች። ያችኑ ዓረፍተ ነገር እስከ ታች ድረስ፣ ሳትሰለች።

"ስልክ ላይ አይታይም" አልኳት።

"አይታይም። ሙሉውን ፋይል ያወረደ ብቻ ነው የሚያየው። ስልክ ላይም እንዲታይ ጠይቄያለሁ።"

"ምን አሉሽ?"

"ይታያል አሉኝ።"

ቁጣ ይዤ ብሄድ ኖሮ የማወርድበት ሰው አላገኝም ነበር። ሴትየዋ የታዘዘችውን ሠርታለች፣ ያልታዘዘችውንም ጨምራ ሠርታለች። ውጤቱ በመሳቢያ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ደግሞ ይህን ስህተት ማንም አያገኘውም ነበር፤ ልጁም አይሳሳትም፣ እኔም ደረጃ አልወጣም። ይህን ደረጃው ላይ ሆኜ አስቤዋለሁ። ስንደብቅ የምንሳሳተው ለብቻችን ነው፤ ስናካፍል ስህተቱንም አብረን እናካፍላለን፤ ቢያንስ ግን አንድ ሰው መጥቶ በር ያንኳኳል።

የስንዴውን ሙከራ የሠራው ተመራማሪ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል። ስልኩን ታውቀዋለች። ደወለችለትና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሜዳ ላይ ነበር፤ ነፋሱ ይሰማል። እኔ ጥያቄዬን አሳጥሬ አቀረብኩ።

"ያ ዝርያ የተዘራው ሦስት ቦታ ነው" አለ። "አንዱ ደጋ ነው። ብርድ ቦታ ነው። ሁለቱ ግን ሞቅ ይላሉ።"

"ካርታው ላይ ያለው የትኛው ነው?"

"እሱን ወረቀቱን ሳላይ አልነግርህም፣ ወንድሜ። ብገምት ልሳሳት እችላለሁ፤ ብሳሳት ደግሞ አንተ ትዘራዋለህ።"

ይህን መልስ ወደድኩት። እኔም ብሆን እንዲሁ ነው የምመልሰው። "ወረቀቱ የት ነው?" አልኩት።

"የድሮ ጣቢያዬ። ቢሮ ሲለወጥ በካርቶን ታሽጓል። አስፈልጌ እደውልላችኋለሁ።"

"እስከ ቅዳሜ?"

የመለሰውን ነፋሱ ወሰደው፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሴትየዋ ደጋግማ ሞከረች። "ሲመለስልኝ እደውልልዎታለሁ፣ ጋሼ" አለችና ስልኬን መዘገበች።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አየን። መረጃው ላይ ስንዴው የተዘራበትና የታጨደበት ጊዜ አለ፤ ቶሎ ነው የደረሰው። ብርድ ቦታ እህል ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ሞቅ ባለ አገር ቶሎ የሚደርስ ስንዴ በእህቴ ደጋ ላይ ሲዘራ እስከ ኅዳር ወተቱ ሳይጠጥር ሊቆይ ይችላል። የኅዳር ውርጭ ወተት የያዘ እሸት ከነካ ደግሞ የሚተርፈው ገለባው ነው። እኔና ሴትየዋ ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነው፤ ሁለታችንም ግን "ነው" አላልንም። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ስለሆነም ሊሆን ይችላል።

ቤት ስደርስ እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዘንቢሏ ተዘጋጅቷል። ልጇ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ያየሁትንና የሰማሁትን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ የተረጋገጠው ይህ ነው፣ ያልተረጋገጠው ይህ ነው አልኩ። ስጨርስ የራሴ ድምፅ መግለጫ የሚያነብ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

"እና ስንዴው የኛን ብርድ አይቷል ወይስ አላየም?" አለች።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"ማን ያውቃል?"

"ሰውየው ወረቀቱን ካገኘ ያውቃል።"

"ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው።"

"ነው።"

ልጇ ተናገረ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ከሦስቱ አንዱ ደጋ ነው ብለዋል፣ እማዬ። እሱ ከሆነስ? ጎረቤታችን ወስዶ ቢዘራውስ? እኛ ሁልጊዜ ገብስ፣ ገብስ፣ ሰው ሲያልፈን እያየን።"

"ሰው የት ደርሶ ነው ያለፈን?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ብትሆን ትዘራዋለህ?"

በዚህ ሥራ ስኖር "አንተ ብትሆን" ለሚል ጥያቄ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ያየሁትን እናገራለሁ፤ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው፣ ብዙ ነገር አድኖኛል። ግን እህቴ ዜና አልጠየቀችኝም።

"አልዘራውም" አልኩ። "ስለማውቅ አይደለም። ስለማላውቅ ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። ልጁ ጃኬቱን አነሳ። ሲወጣ ደህና ዋሉ አለኝ፤ አክብሮቱን አላጎደለም፤ ግን ፊቴን አላየም። ማሳው ላይ ገብስ ተዘራ። ቅዳሜ ጎረቤታቸው ስንዴውን ወሰደ።

ከሴትየዋ ስልክ ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ። እኔ አልፎ አልፎ እደውላለሁ፤ ሁልጊዜ ታነሳለች። ተመራማሪው ካርቶኑን እንዳገኘ ነገራት፣ የሚፈልገው ወረቀት ግን እሱ ውስጥ አልነበረም። ሌላ ካርቶን አለ ተባለ። ቢሮው ላይ ያረፉትን ነጥቦች ሁሉ ከካርታው ላይ እንዲያነሱ ጠይቃ ነበር። ይህን ያህል ውጤት ከጠፋ የፕሮጀክቱ ሪፖርት ይጎድላል ተብሎ ቀርቷል። ይህን ስትነግረኝ ድምፏ ውስጥ ምሬት አልነበረም። ያለው ድካም ነው፤ እሱን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ኅዳር ላይ ውርጩን ስጠብቅ ከረምኩ። ጠዋት ስወጣ ወደ እንጦጦ አያለሁ፤ ከዚህ ሆኖ ምንም አይታይም፣ ግን አያለሁ። ስንዴው እንዲጠፋ እመኝ እንደሆነ ራሴን ጠይቄያለሁ። አልመኝም ነበር፤ የሰው እህል ነው። ሆኖም ሳልዋሽ ለመናገር፣ ደህና ይውጣ ብዬ አጥብቄም አልጸለይኩም።

ውርጩ ዘንድሮ ሳይበረታ አለፈ። ታኅሣሥ ላይ ወደ ማዶ ስሻገር የጎረቤታቸው ስንዴ ተከምሮ አየሁት፤ ክምሩ ትልቅ ነበር። የእህቴ ገብስም መጥፎ አልነበረም፤ ዓመቱን ይገፋል። ልጇ አውድማው ላይ ቆሞ ገብሱን በላይዳ ወደ ላይ እየወረወረ ገለባውን ለነፋስ ይሰጣል። ጎረቤትየው በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለ።

"እንዴት ነው፣ የከተማ ሰዎች ምን አሉ? ስንዴው ፎቅ ይሻለዋል ወይስ መሬት?"

"አንተ ጋ ያማረ ነገር መቼ ጠፍቶ" አለው ልጁ፤ ሳይቆም።

ጎረቤትየው እየሳቀ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእህቴ ከእሸቱ ልኮላት እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

እኔ ከአውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "ያኔ ባልናገር ይሻል ነበር" አልኩ።

"አንተ ያልከው አላውቅም ነው" አለች እህቴ። "ያልዘራሁት እኔ ነኝ።" አንድ ዓይኗ አሁንም ያነባል፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ለልጇ፣ ከእኔ ጋር በምታወራበት ድምፅ፣ "ከርሞ ሰፊው ማሳ ላይ የሚዘራውን አንተ ምረጥ" አለችው።

ልጁ ላይዳውን መሬት አስነካ። ይህን ቃል ለዓመታት ሲጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ።

"ስንዴም ቢሆን?"

"የፈለግከውን። እኔ ደክሞኛል።"

ይደሰታል ብዬ ነበር። እሱ ግን የጎረቤቱን ክምር አየ፣ ማሳውን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"ጋሼ፣ ያቺ ሴትዮ ደወለች?"

"አልደወለችም። እኔ ደውዬ ነበር። ወረቀቱ አልተገኘም።"

"ጎረቤታችን ጋ ግን ይኸው አምሯል።"

"የአንድ ዓመት ነው" አልኩት። "ውርጭ የሌለበት ዓመት።"

"እሱስ ልክ ነው።" ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። "አንቺ ብትሆኚ፣ እማዬ?"

"የከርሞውን ለከርሞ" አለች። "ነፋሱ ሳይቆም ገብሱን ጨርስ።"